የቤት ውስጥ ትምህርት

የቤት ውስጥ ትምህርት ልጆች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከወላጆቻቸው ወይም ከግል አስተማሪ የሚማሩበት መንገድ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል።

በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች የተፈቀደ ሲሆን፣ ደንቡን የሚያወጣው እያንዳንዱ ግዛት ነው። በቴክሳስ ወላጆች ፈቃድ መጠየቅም ሆነ ሪፖርት ማቅረብ አይጠበቅባቸውም። በኒው ዮርክ ግን የትምህርት ዕቅድ፣ በዓመት አራት ጊዜ ሪፖርትና ዓመታዊ የምዘና ውጤት ማቅረብ አለባቸው።

በጀርመን በአንጻሩ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታ በመሆኑ፣ ልጅን ቤት ማስተማር በጣም ውስን ከሆኑ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 የወላጆችን አቤቱታ ውድቅ ሲያደርግ፣ ልጆች ከተለያየ ወገን ከመጡ እኩዮቻቸው ጋር መኖርን በትምህርት ቤት ይለማመዳሉ የሚለውን የአገሪቱን ፍርድ ቤቶች ምክንያት ተቀብሏል። ስለዚህ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሌላ አማራጭ የሚፈልጉ ወላጆች ልጆቻቸውን እንደ ዋልዶርፍና ሞንቴሶሪ ባሉ የግል ትምህርት ቤቶች ማስተማር ይችላሉ።