ቦምብ ሳይወድቅ ያለቁት ውሾችና ድመቶች

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1939 ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። ወዲያው በለንደን የእንስሳት ሐኪሞች ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ታየ። ሕዝቡ ውሻና ድመቱን ይዞ የተሰለፈው ግን ለማሳከም አልነበረም፤ ለማስገደል ነው።

ማንም አላስገደደውም። የእንስሳት ጉዳይ ኮሚቴው ያሰራጨው ጽሑፍ ወደ ገጠር መላክ ካልቻላችሁ ብታስገድሏቸው ይሻላል የሚል ምክር ይዞ ነበር። በዚያ ሳምንት በለንደን ብቻ 400,000 ያህል እንስሳት እንዳለቁ ይገመታል። ከተማዋን ያነደደው ድብደባ የጀመረው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ማሪያ ዲኪን የተባለች ሴት በ1917 ኋይትቻፕል በተባለው የድሆች ሰፈር፣ ለሐኪም የሚከፍሉት የሌላቸው ሰዎች እንስሶቻቸውን በነፃ የሚያሳክሙበት ክሊኒክ ከፍታ ነበር። በዚያ የድንጋጤ ሳምንት የእሷም ድርጅት ከሰልፉ አላመለጠም፤ አስገዳዮች በሩን አጨናነቁት። ቦምቡ በእርግጥ ሲመጣ ግን የድርጅቱ ቡድኖች ፍርስራሽ እየቆፈሩ የቆሰሉ እንስሳትን ያወጡና ያክሙ ጀመር። ቢውቲ የተባለች የአንድ ሠራተኛ ውሻ 63 እንስሳት አግኝታለች፤ በ1945 በዲኪን ስም የተሰየመውን ሜዳሊያ ተሸለመች።

ወዳጆች፣ በ1939 የተሰለፈው ሕዝብ ጨካኝ አልነበረም። ብዙው እያለቀሰ ነው የሄደው። የጎደለው ፍቅር ሳይሆን፣ ቁስለኛ እንስሳ የሚነሣበትና የሚታከምበት ዝግጅት ነበር። ዝግጅት በሌለበት ፍርሃት ይመክራል፤ መግደልም ርኅራኄ ይባላል።