የተዘነጋው የፓቪያ ጥናት፦ ኢንተርሉኪን-6 እና የልጆች መገጣጠሚያ ብግነት

ጆርጅ ፍሬደሪክ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1897 ለንደን ላይ ባሳተመው ጥናት 22 ሕፃናትን ተመልክቶ፣ ከፊሎቹን ንፍፊታቸውና ጣፊያቸው አብጦ ስላገኛቸው፣ ሕመማቸው ከአዋቂዎች ሩማቶይድ አርትራይተስ የተለየ ነው አለ። መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል ይህ ልዩነት ተድበሰበሰ።

ያድበሰበሰው ቲኤንኤፍ የተባለው ሳይቶካይን (ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) ያተረፈው ዝና ነው። የማርክ ፌልድማንና የራቪንደር ማይኒ ቡድን በ1989 ከአዋቂ ሕሙማን መገጣጠሚያ በተወሰዱ ሴሎች ላይ ቲኤንኤፍን ሲያግድ ሌላው ሳይቶካይን ኢንተርሉኪን-1 አብሮ ቀነሰ፤ ቲኤንኤፍም የብግነቱ ሰንሰለት ራስ ተባለ። ብዙ መገጣጠሚያ ለሚታመሙ ልጆች ቲኤንኤፍን የሚያግደው ኤታነርሴፕት በ2000 ውጤቱን አሳይቷል፤ በዚያ ላይ ሙግት የለም። ስሕተቱ ሰንሰለቱን እንዳለ ወደ ስቲል ልጆች ማሻገሩ ላይ ነው። ቲኤንኤፍ ማገጃዎች መላ ሰውነታቸው ለታመመባቸው ለእነዚህ ልጆች የሰጡት ጥቅም ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

መልሱ ግን በ1991 ታትሞ ነበር። ፋብሪዚዮ ደ ቤኔዴቲና የፓቪያ ባልደረቦቹ በእነዚህ ልጆች ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን-6ን ለኩ፤ መጠኑ ከመገጣጠሚያው ጉዳትና ከፕላትሌት ብዛት ጋር አብሮ ሲወጣ አገኙት። የዚህ ጥናት ክብደት እስካሁን በቅጡ አልተነገረለትም። ኢንተርሉኪን-6 ጉበትን ሄፕሲዲን ያስመነጫል፤ ሄፕሲዲን ብረትን ከደም ያሸሻል፤ በእነዚህ ልጆች ላይ የሚታየው የደም ማነስ ከዚህ ይመጣል። የልጆቹ ቁመት መቀጨጭም እንዲሁ ነው፦ ይኸው ቡድን በ1997 ኢንተርሉኪን-6 የሚበዛባቸው አይጦች አይጂኤፍ-1 የተባለው እድገትን የሚያግዝ ሆርሞን አንሷቸው ድንክ እንደሚሆኑ አሳየ። በ2012 ደግሞ በ112 ልጆች ላይ በተደረገው ሙከራ፣ የኢንተርሉኪን-6ን ተቀባይ የሚያግደውን ቶሲሊዙማብን ከወሰዱት 85 በመቶው ትኩሳታቸው ጠፍቶ መገጣጠሚያቸው ተሻላቸው፤ ማስመሰያ ከተሰጣቸው ግን 24 በመቶው ብቻ።

ዋናው ጥፋተኛ ኢንተርሉኪን-1 ነው የሚሉ አሉ። ቨርጂኒያ ፓስኩዋልና ባልደረቦቿ በ2005 ኢንተርሉኪን-1ን የሚያግደውን አናኪንራ ከሰጧቸው ዘጠኝ ልጆች ሰባቱ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ለቋቸዋል። ይህ ክርክሩን አይዘጋም። በ2008 የወጣ የጣሊያን ጥናት አናኪንራ በደንብ የሠራው ጥቂት መገጣጠሚያ በታመመባቸው ልጆች ላይ መሆኑን አሳይቷል፤ በፓቪያው ልኬት ኢንተርሉኪን-6 የሚያይለው ደግሞ መገጣጠሚያቸው ክፉኛ በተጎዳባቸው ዘንድ ነው።