ተተኪ እስኪመጣ፦ የሎቲ ሙን የዕረፍት ዓመታት



የሚስዮናውያንን ታሪክ ስንተርክ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ መሄዳቸው ነው። መርከብ ሲሳፈሩ፣ ቋንቋ ሲማሩ፣ ሲሰደዱና ሲሰብኩ እንሰማለን። ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሆነውን ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። እነርሱ ራሳቸው «ፈርሎ» ይሉታል፤ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ወደ ላከቻቸው ቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የሚቆዩበት ጊዜ ነው። ነገሩ በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። በሐዋርያት ሥራ 14፥26-28 ጳውሎስና በርናባስ ወደ አንጾኪያ ተመልሰው ቤተ ክርስቲያንን ይሰበስባሉ፣ እግዚአብሔር ያደረገውን ይናገራሉ፣ ከዚያም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ብዙ ጊዜ ይቀመጣሉ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ የጳውሎስን ጉዞ በካርታ ላይ ስንስል ቀስቱ አንጾኪያ ሲደርስ ያበቃል፤ ቀጣዩ ቀስት ከዚያው ይነሣል። በሁለቱ ቀስቶች መካከል ስላለው ጊዜ ሉቃስ ብዙ አልነገረንም።

ዛሬ የማካፍላችሁ በዚያ መካከል ስላለው ጊዜ አጥብቃ ስለ ተከራከረች አንዲት መምህርት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሎቲ ሙን በ1840 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ተወለደች። ቤተሰቧ ሰፊ እርሻና ባሪያዎች የነበሩት ነው፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም፣ የዘመኑ የደቡብ ክርስትና ያልተናዘዘው ኃጢአት ነውና። በተማሪነቷ በሃይማኖት የምትቀልድ ልጅ ነበረች፤ በ1858 በተደረገ የመነቃቃት ጉባኤ ጌታን አገኘች። በ1861 የማስተርስ ዲግሪ ስታገኝ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ይህን ካገኙ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነች። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በኬንታኪና በጆርጂያ አስተማረች። ታናሽ እህቷ ኤድሞንያ በ1872 ወደ ቻይና ሄደች፤ ሎቲም በዓመቱ ተከተለቻት። የተመደቡት በሻንዶንግ አውራጃ፣ ዛሬ ፔንግላይ በምትባለው በቴንግቾው ነበር።

የመጀመሪያው የአገር ቤት ጉዞዋ ዕረፍት ሊባል አይችልም። የኤድሞንያ ጤና ተቃወሰ፤ በ1876 ሎቲ የታመመችውን እህቷን ይዛ ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰች። ኤድሞንያ ወደ ቻይና አልተመለሰችም። ሎቲ ግን በ1877 መጨረሻ ብቻዋን ተመለሰች። አብረው የጀመሩትን ሥራ ብቻ ይዞ መመለስ፣ ያውም በእህትማማቾች መካከል፣ ቀላል እንዳልነበር መገመት አያቅትም።

በቴንግቾው የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ጎበዝ መምህርት ነበረች፤ ይሁን እንጂ ሥራው አላረካትም። በዚያ ዘመን ያላገባች ሚስዮናዊት ልጆችን ከማስተማር አልፋ ወንጌልን እንድታሰራጭ ብዙ አይፈቀድላትም። ሎቲ ይህን በጽሑፍ ተቃወመች፤ ጥቂት ሕፃናትን ለማስተማር ብቻ ዓለምን አቋርጣ የመጣች ሴት ጉልበቷ እንደ ባከነ ይሰማታል ብላ በ1883 ጻፈች። በ1885፣ በአርባ አምስት ዓመት ገደማ፣ ማስተማሩን ትታ ወደ ውስጠኛው አገር ወደ ፒንግዱ ሄደች። መንገዱ ሁለት በቅሎዎች ፊትና ኋላ ሆነው በሚሸከሙት ቃሬዛ መሰል መጓጓዣ የቀናት ጉዞ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ «የውጭ ሰይጣን» አሏት። እሷም የቻይና ልብስ ለበሰች፣ ብስኩት ጋገረች፤ ሕፃናቱ ሽታውን ተከትለው መጡ፣ እናቶቻቸው ሕፃናቱን ተከትለው መጡ። (ሎቲን የማያውቅ ሰው እንኳ የብስኩቱን ታሪክ ሰምቶ ይሆናል። በሰንበት ትምህርት ቤት የተወደደ ታሪክ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሎቲ ባልደረቦቿ ያለ ዕረፍት ሲሠሩ፣ ሲታመሙ፣ ያለ ጊዜያቸው ሲሞቱ አየች። አንዳንዶቹ አእምሯቸው ታወከ። በየአሥር ዓመቱ መደበኛ የአገር ቤት ዕረፍት ቢሰጥ የሚስዮናውያን ዕድሜም አገልግሎትም ይረዝማል ብላ በሪችመንድ ላለው የውጭ ሚስዮን ቦርድ ደጋግማ ጻፈች። የደብዳቤዎቿ ቃና የሚለምን ሰው ቃና አይደለም። ገንዘብ ከፍላችሁ፣ ቋንቋ አስተምራችሁ፣ ከዚያ በድካም የምትገድሉት ሠራተኛ ምን ይጠቅማል የሚል ሙግት ነው። ይህን ሙግት መንፈሳዊ አይደለም የሚል ካለ ማርቆስ 6፥31ን ያንብብ። ሐዋርያቱ ከአገልግሎት ተመልሰው የሠሩትን ሲነግሩት፣ ጌታ ለመብላት እንኳ ጊዜ እንዳጡ አይቶ ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ እንዲያርፉ ጠራቸው።

የእሷም ተራ ደርሶ ነበር። በ1887 ግን ሻሊንግ ከምትባል መንደር ሰዎች መጥተው ስለዚህ ትምህርት እንድታስተምራቸው ጠየቋት። እንዲህ የተራቡ ሰዎችን አይታ እንደማታውቅ ሆና ሄደች፤ ዕረፍቷንም አዘገየች። መሄድ ያልቻለችበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ የሚተካት ሰው አልነበረም። ብትሄድ ሥራው ይዘጋል።

ስለዚህ ለአገሯ ሴቶች ጻፈች። ከገና በፊት ባለው ሳምንት ለሚስዮን የተለየ መባ ይሰብሰብ አለች፤ ሰው ስጦታ ለቤተሰቡ በሚገዛበት በዚያው ሳምንት። በ1888 ግንቦት በሪችመንድ የሴቶች ሚስዮናዊ ኅብረት ተመሠረተ፤ መሪዋ አኒ አርምስትሮንግ ለየአብያተ ክርስቲያናቱ የሴቶች ማኅበራት ደብዳቤ በእጇ ጻፈች። ግባቸው 2,000 ዶላር ነበር፣ ሁለት ረዳቶች ለመላክ። የተሰበሰበው 3,315 ዶላር ከ26 ሳንቲም ሆነ፤ ሦስት ሴቶችን ለመላክ በቃ።

ወገኖቼ፣ ይህ መባ ዛሬም በየገናው ይሰበሰባል፤ ከ1918 ጀምሮ በስሟ ይጠራል። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለወንጌል ሥራ አስገኝቷል። ጅማሬው ግን አንዲት የደከመች ሴት አገሯ ገብታ እንድትተኛ የሚተካት ሰው መላክ ነበር። ስለ መባው ሲተረክ ይህ ሁልጊዜ አይነገርም፤ ለእኔ ግን የታሪኩ ልብ ይህ ነው። እነዚያ ሴቶች በሳንቲማቸው የሰጡት ለአንዲት እህት ዕረፍት ጭምር ነው።

ረዳቶቹ መድረስ ሲጀምሩ እንኳ ወዲያው አልሄደችም። በ1889 በሻሊንግ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። ተቃዋሚዎቿ ከነበሩት አንዱ ሊ ሾውቲንግ አመነ፣ ተጠመቀ፣ በኋላም መጋቢ ሆኖ ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎችን እንዳጠመቀ ይነገርለታል። ሎቲ አገሯ የገባችው በ1891 ነው። ከ1877 ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት አልፏል።

እስከ 1893 በቨርጂኒያ ከእህቷ ከኤድሞንያ ጋር ቆየች። እንዲህ ያለ ዕረፍት ግን ራሱን የቻለ ሥራ አለው። ከሩቅ የመጣ ሰው ስብከት ይጠየቃል፣ ሪፖርት ይጠየቃል፣ ዘመድ ይጠይቀዋል። በእኛም ዘንድ ይህ እንግዳ አይደለም። ወደ ሩቅ ወረዳ የተላከ ወንጌላዊ ለጉባኤ ሲመጣ «ስንት ነፍስ ድኗል?» ብለን እንቀበለዋለን። ምስክርነቱን ይሰጣል፣ እናጨበጭባለን፣ በማግስቱ አውቶቡስ ይሳፈራል። እንቅልፉን፣ የሚስቱን ጤና፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚጠይቀው ሰው ብርቅ ነው። እሱ በሌለ ሳምንት መንደሩ ውስጥ ማን እንደሚያገለግል ደግሞ ጨርሶ አይነሣም። ተተኪ የሌለው ሰው እንዲያርፍ መምከር ምክር ብቻ ነው፤ ሎቲ ይህን ስለምታውቅ የጻፈችው ስለ ገንዘብና ስለ ሰው ነው።

ሦስተኛው ዕረፍቷ ከ1902 እስከ 1904 ነበር። በ1900 በቦክሰሮች ዓመፅ ምክንያት ወደ ጃፓን ሸሽታ ቆይታ ነበርና ሰውነቷ ደክሟል። ዘመዶቿ እንድትቀር ቢመኙ አይፈረድባቸውም፤ ስትመለስ 63 ዓመቷ ነበር። ቤቷ የቱ ነው ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ያን ጊዜ የለየለት ይመስለኛል። ኤድሞንያ በ1908 ስትሞት ሎቲ ቻይና ነበረች።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በ1911 አብዮት፣ ከዚያም ረኀብ መጣ፤ ቦርዱ በዕዳ ተይዞ የሚልከው አልነበረውም። ሎቲ ያላትን ሰጠች። ምግቧን ለተራቡት ሰጥታ በረኀብ ሞተች ተብሎ ለብዙ ዓመት ተሰብኳል። ሰነዶቹን የመረመሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም ይላሉ፤ አካሏም አእምሮዋም ታምሞ መብላት ትታ ነበር። እኔም በመድረክ ላይ የሰማዕት ታሪክ አድርገን ባናሳምረው እመርጣለሁ። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት፣ በቁመት ከአንድ ሜትር ከሠላሳ ብዙም የማትበልጥ፣ በመጨረሻ 23 ኪሎ ያህል ብቻ እንደ ቀረች ይነገራል። ስለ ሌሎች ዕረፍት በጻፈች በሃያ አምስት ዓመቷ የእሷ ጉልበት ያለቀው በዚህ ሁኔታ ነው።

ባልደረቦቿ አንዲት ሚስዮናዊት ነርስ አብራት እንድትሄድ አድርገው ወደ አሜሪካ በሚሄድ መርከብ አሳፈሯት። አራተኛው የአገር ቤት ዕረፍቷ ይሆን ነበር። መርከቡ በጃፓን በኮቤ ወደብ ቆሞ ሳለ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1912፣ በገና ዋዜማ ወደ ጌታዋ ሄደች። አስከሬኗ በጃፓን ተቃጥሎ አመዱ በትንሽ ዕቃ ወደ ቨርጂኒያ ተላከ፤ ክሩ በምትባል ከተማም ተቀበረ።