ለጡንቻ ማገዶው ምንድን ነው?

በ1782 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በገባው የብርድ ወራት አንትዋን ላቮዚዬና ፒየር ሲሞን ላፕላስ ፓሪስ ውስጥ ጊኒ ፒግ የተባለች ትንሽ እንስሳ በረዶ በከበበው ዕቃ ውስጥ አስገቡ። ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶ መዘኑ፤ ከትንፋሿ የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ለኩ። ሲያስተያዩት የእንስሳዋ ሙቀት ከሰል ነድዶ ከሚሰጠው ጋር ተቀራረበ። መተንፈስ ዝግ ያለ ቃጠሎ ነው አሉ። ላቮዚዬ በ1794 በአብዮቱ በጊሎቲን ተገደለ፤ አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። የሚነደው ምንድን ነው?

ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840ዎቹ የሰጠው መልስ አውሮፓን አዳረሰ። ጡንቻ ሲሠራ ራሱን ይበላል፤ ስለዚህ ጉልበት የሚሆነው ፕሮቲን ብቻ ነው፣ ስብና ስታርች ከማሞቅ አያልፉም አለ። ሥጋ ያልበላ አይበረታም የሚለው እምነት በዚህ የሳይንስ ካባ ደረበ።

ነገሩን በእግራቸው የፈተኑት የዙሪክ መምህራኑ አዶልፍ ፊክና ዮሐንስ ቪስሊሴኑስ ናቸው። በኦገስት 1865 ከብሪየንዝ ሐይቅ ዳር ተነስተው ፋውልሆርን የተባለውን የስዊስ ተራራ ወጡ፤ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ አቀበት ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ፕሮቲን ያለበት ምግብ አልቀመሱም። ስንቃቸው በስብ የተጠበሰ የስታርች ቂጣ ነበር። ሽንታቸውን እያጠራቀሙ ፕሮቲን ሲቃጠል የሚተወውን ናይትሮጅን ሲለኩ እያንዳንዳቸው ያቃጠሉት ፕሮቲን 37 ግራም ገደማ ሆኖ ተገኘ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ፍራንክላንድ የፕሮቲንን የቃጠሎ ሙቀት ለካ። ያ 37 ግራም አንዳች ሳይባክን ሥራ ላይ ቢውል እንኳ ገላቸውን እዚያ ከፍታ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሸፍናል። ሌላው የመጣው ከስቡና ከስታርቹ ነው። በሥነ ምግብ ታሪክ እኔ እንደዚህ የማደንቀው ሙከራ የለም፤ የገነነ ሐሳብ በሁለት ሰው ድካምና በሽንት ጠርሙስ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ ሒሳቡ ጠራ። በአሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዊልበር አትዋተር ሰው ለቀናት የሚቀመጥበት ዝግ ክፍል አሠርቶ የተበላውን ምግብና የወጣውን ሙቀት አመዛዘነ። ዛሬ በብስኩት ማሸጊያ ላይ የምናነበው ቁጥር የሚሰላው በእሱ መንገድ ነው፤ 1 ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ፣ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4። ሃንስ ክሬብስ በ1937 በእርግብ የደረት ጡንቻ ላይ ሲሠራ የቃጠሎውን ዑደት ደረሰበት፤ ስቡም ፕሮቲኑም በመጨረሻ እዚያው እንደሚገቡ ኋላ ታወቀ።

ተቀማጩስ? ክሎድ በርናር በ1857 ከጉበት ግላይኮጅንን ነጥሎ አውጥቶ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው አንጎሉን ከሚቀልብባቸው ምንጮች አንዱ ይኸው በጉበት የተከማቸ ስኳር ነው። ክምችቱ ግን ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። ታዲያ ለሳምንታት የተራበ ሰው እንዴት ይቆያል? ጆርጅ ካሂልና ባልደረቦቹ በ1967 በሐኪም ክትትል ለሳምንታት ከምግብ የተከለከሉ ሰዎችን ሲመረምሩ፣ አንጎል ከግሉኮስ ሌላ ጉበት ከስብ የሚሠራቸውን ኬቶኖች እንደሚጠቀም አገኙ። ይህ ባይኖር ሰውነት ለአንጎሉ ግሉኮስ ለመሥራት ጡንቻውን እየናደ በጥቂት ሳምንታት በጨረሰው ነበር።