የእኛዋ አይዳ

በሶደሬው መገናኛችን፣ ፍል ውኃው ዳር፣ «ኦፔራ የፈረንጅ ጩኸት ነው» ላላችሁኝ መልስ አለኝ። የቨርዲ አይዳ እኮ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ግብፅ ውስጥ በምርኮ ባሪያ የሆነች። ድርሰቱን ያሠራው የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ነው። አልባሳቱ ፓሪስ በጦርነት ስትከበብ እዚያው በመቅረቱ ዘግይቶ፣ ታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ታየ። በመድረኩ ኢትዮጵያውያን ይሸነፋሉ። አራት ዓመት ሳይሞላ ያው ኬዲቭ የእውነት ጦር ላከብን። ኅዳር 1868 ጉንደት፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ ጉራ፣ የአፄ ዮሐንስ ጦር ድል አደረገው። ኦፔራው ግን አልታረመም!

እንደ ሐኪም የሚደንቀኝ ዘፋኟ ናት። ሦስተኛው ገቢር ላይ አይዳ ዓባይ ዳር ሆና አገሯን ስትናፍቅ ዜማው ላይኛው ዶ ድረስ ይወጣል። የድምፅ አውታሮቿ በሰከንድ ከ1000 ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ፤ ቨርዲ ደግሞ በለስላሳው ይዜም ብሏል። ማይክሮፎን የለም። አፏን ከፈት አድርጋ የጉሮሮዋንና የአፏን ክፍተት ከዜማው ጋር ታስማማዋለች፤ ድምፁ ያለ ትግል ይጎላል። እዚያ ከፍታ ላይ ቃሉ የማይለየውም ለዚህ ነው፤ ጣልያንኛ ባለማወቃችሁ አትፈሩ።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ሊዮንቲን ፕራይስ በ1977 ዓ.ም. የኒው ዮርኩን ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የተሰናበተችው በአይዳ ነው። በቴሌቪዥን ተላልፏል፤ ከእሱ ጀምሩ።