የእስያ ማር ንብ፣ እንግዳዋ ንብና ቫሮዋ፦ የአንድ ግንኙነት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ንብ ቢሆንም ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነው። በብዙ የዓለም ክፍሎች የማር ንብን መንጋ የሚፈጀው ቫሮዋ የተባለው ተባይ ከየት መጣ? ከሰላማዊ ጥገኛነትስ ወደ ገዳይነት ያሸጋገረው ምንድን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማር ንብ ዝርያዎች መካከል ከአንዷ በቀር ሁሉም የእስያ ብቻ ናቸው። ግዙፏ አፒስ ዶርሳታ በገደልና በረጃጅም ዛፎች ላይ አንድ ትልቅ እንጀራ አንጠልጥላ ትኖራለች፤ ድንክዬዋ አፒስ ፍሎሪያ በቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ላይ ትሠራለች። በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ብዙ እንጀራ ጎን ለጎን ስለምትሠራ በሰው ቀፎ ለመኖር የተመቸችው ግን አፒስ ሴራና ናት። ይህን ሳይንሳዊ ስም በ1793 ያወጣላት የዴንማርክ ተወላጁ የነፍሳት ሊቅ ዮሐን ክርስቲያን ፋብሪሲየስ ነው። ልዩ የሆነችው አንዷ ዝርያ አፒስ ሜሊፈራ ስትሆን፣ መገኛዋ አፍሪካ፣ አውሮፓና ምዕራብ እስያ ነው። የኢትዮጵያም ማር ንብ የዚህችው ዝርያ ወገን ናት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱን ዝርያዎች የሰው እጅ አገናኛቸው። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ በ1852 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለ ፍሬም ቀፎ ንብ ማነብን ወደ ሰፊ ንግድ ለወጠው። አፒስ ሴራና የምትሰጠው ማር አነስተኛ ነው፤ ስትረበሽም ቀፎዋን ጥላ ትሰደዳለች። ስለዚህ በንግዱ ሚዛን ሜሊፈራ ተመረጠች። በ1877 ወደ ጃፓን ገባች፤ ሩሲያውያን ሰፋሪዎችም ቀፎዎቻቸውን ይዘው እስከ ሩቅ ምሥራቅ ዘለቁ። ማሩን የመዘነ ሁሉ ከማሩ ጋር ያልተመዘነ ነገር መኖሩን ልብ አላለም።

በ1904 ኤድዋርድ ያኮብሰን በጃቫ ደሴት በሴራና ጎጆ ውስጥ አንድ መዥገር መሰል ተባይ አገኘ፤ የኔዘርላንዱ ሊቅ ኦውደማንስም በአግኚው ስም ቫሮዋ ያኮብሶኒ ብሎ ሰየመው። ተባዩ በሴራና ላይ ሲኖር የሚራባው በድንጉላ እጭ ላይ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ሠራተኞቹ ንቦች ከገላቸው ላይ ያራግፉታል፤ የተጠቃውን የሠራተኛ እጭ አውጥተው ይጥላሉ። ክፉኛ የተጠቃ ድንጉላም ጠንካራውን ክዳን መክፈት ተስኖት፣ ከነተባዩ በክፍሉ ውስጥ ይቀበራል። ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ጥገኛና አስተናጋጅ እንዲህ ባለ ሚዛን ይተዋወቃሉ። ሜሊፈራ ግን ተባዩን አታውቀውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ እርሷ ሲሻገር በሠራተኞቿም እጭ ላይ ተራባ፤ ክንፍ የሚያጣምመውንም ቫይረስ በየመንጋው አሰራጨ። ከዚያ በኋላ በንግድ በተጓጓዙ ቀፎዎችና አውራዎች አማካይነት በ1987 አሜሪካ፣ በ1992 ብሪታንያ ተገኘ።

አንድ እንቆቅልሽ ግን ቀረ። በጃቫ የሚገኘው ቫሮዋ በሜሊፈራ ላይ አይራባም ነበር። ታዲያ ዓለምን ያዳረሰው ይኸው ከሆነ በመገኛው ለምን አቃተው? በአውስትራሊያ የሚሠሩት ዴኒስ አንደርሰንና ጆን ትሩማን በ2000 መልሱን አቀረቡ፦ ያኮብሶኒ የተባለው አንድ ዝርያ አልነበረም። አጥፊው ከዋናው የእስያ ምድር የተነሣ ሌላ ዝርያ ነበርና ቫሮዋ ዲስትራክተር፣ ማለትም «አውዳሚው»፣ ተባለ። ለዐሥርተ ዓመታት የተጻፉት ብዙ ጥናቶች በሌላ ዝርያ ስም የተጻፉ ሆነው ተገኙ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አደጋውን የወለደው ተባዩ ብቻ ሳይሆን ሳይተዋወቁ የተገናኙት የጥገኛውና የአዲሲቷ አስተናጋጅ ጉዳይ ነው፤ ያገናኛቸውም ሰው ነው። ሁለተኛ፣ «ምርቷ አነስተኛ ነው» ተብላ የተናቀችው የአገሬው ንብ የበሽታውን መከላከያ በባሕርይዋ ይዛ ነበር። ዛሬ ሜሊፈራን ለማዳን የሚደክሙ ተመራማሪዎች የተጠቃ እጭን አውጥቶ የመጣልን ባሕርይ በእርባታ ለማጎልበት ይጥራሉ። በአንድ አገር ያለን ንብ በሌላ ለመተካት የሚወስን ሁሉ፣ ከማሩ ኪሎ አስቀድሞ ይህን ሊመዝን ይገባል።