የጥይት ካሊበርና ትልልቅ አውሬን የመጣል አቅም

ካሊበር የአፈሙዝ የውስጥ ስፋት፣ በዚያውም የአረሩ ውፍረት መለኪያ ነው። ወፍራምና ከባድ አረር ሰፊ ቁስል ይከፍታል፤ አጥንት ሰብሮም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1912 የእንግሊዙ ጠመንጃ ሠሪ ኩባንያ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ያወጣው ባለ 9.5 ሚሊ ሜትር ጥይት 19 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር ይተኩሳል። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለዝሆንና ለጎሽ አደን ከዚህ ካሊበር ያነሰ አይፈቀድም።

ውፍረት ብቻውን ግን አውሬ አይጥልም። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ዋልተር ቤል (1880–1954) ከገደላቸው ከ1,000 በላይ ዝሆኖች አብዛኞቹን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ጠመንጃ ነበር። የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቷል። አንጎሉ እንደ ማር እንጀራ በተቦረቦረ አጥንት ተከቦ ወደ ኋላ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የቤል አረር ቀጭን ቢሆንም ረጅምና እስከ ጫፉ በጠንካራ ብረት የተለበጠ ስለነበር ሳይጨፈለቅ እዚያ ይደርስ ነበር። የእርሱን ችሎታ ለሁሉም ልክ ማድረግ ግን አደገኛ ስሕተት ነው፤ ዒላማውን የሳተ ቀጭን አረር እንስሳውን ለረጅም ሥቃይ ይዳርጋል። ልቡን የተመታ ጎሽ እንኳ አንጎሉ ውስጥ ያለው ኦክስጅን እስኪያልቅ ለጥቂት ሰከንዶች ይሮጣል፤ አዳኙ ላይ ለመድረስ ያ ጊዜ ይበቃዋል።